ከገበያው ጋር መሄድ፦ ስለ አክሲዮን አዝማሚያ ለጠየቃችሁን

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ገበያው ወደሚያመራበት አቅጣጫ አብሮ መሄድ እንዴት ይቻላል የሚል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በስሌቶቹ ላይ የገንዘብ ስም አልጻፍንም፤ ሒሳቡ በየትኛውም ገንዘብ ያው ነውና።

ጥያቄ፦ አንዱ ተንታኝ «ገበያው ሽቅብ ነው» ሲል ሌላው በዚያው ቀን «ቁልቁል ነው» ይላል። የማንን ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱ የዓመቱን ቻርት እያየ፣ ሌላው የሳምንቱን እያየ ይሆናል የሚያወራው። በ1896 የዳው ጆንስን የኢንዱስትሪ መለኪያ ያወጣው ቻርልስ ዳው የዋጋ እንቅስቃሴን በሦስት ይከፍለው ነበር፦ ዓመትና ከዚያ በላይ የሚዘልቀው ዋናው አዝማሚያ፣ ከሳምንታት እስከ ወራት የሚቆየው እርማት፣ በመጨረሻም የዕለት ተዕለቱ ውጣ ውረድ። መጀመሪያ መወሰን ያለብዎ ከሦስቱ የትኛውን እንደሚከተሉ ነው። ሌላ ሥራ ላለው ሰው የምንመክረው ዋናውን ነው። የዕለቱን መከተል ራሱን የቻለ፣ ሙሉ ቀን የሚበላ ሙያ ነው።

ሳምንታዊውን ቻርት ይክፈቱና ጫፎቹንና ሸለቆዎቹን ይመልከቱ። አዲሱ ጫፍ ካለፈው ጫፍ፣ አዲሱ ሸለቆም ካለፈው ሸለቆ ከፍ ካለ አዝማሚያው ሽቅብ ነው። ሁለቱም ዝቅ እያሉ ከመጡ ቁልቁል ነው። አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ካለ ደግሞ የሚከተሉት አዝማሚያ የለም ማለት ነው፤ ይህም ራሱ መልስ ነው።

ዓይን ያሻውን ስለሚያይ፣ ማመሳከሪያ የሚሆን አንድ ቁጥር ያስፈልግዎታል። የየወሩን የመጨረሻ የገበያ ቀን የመዝጊያ ዋጋ ይመዝግቡ፤ የመጨረሻዎቹን አሥር ወራት ደምረው ለ10 ያካፍሉ። የወሩ መዝጊያ ከዚህ አማካይ በላይ ሲሆን ሽቅብ፣ ከበታቹ ሲሆን ቁልቁል ብለው ይያዙት። ብዙዎች የሚጠቅሱት የ200 ቀን ተንቀሳቃሽ አማካይ ከዚህ እምብዛም አይርቅም፤ አንድ ወር 21 ያህል የገበያ ቀናት አሉትና። ፍተሻውን ከጠቅላላው ገበያ መለኪያ ይጀምሩ፤ ቀጥሎ ወደ ዘርፉ፣ በመጨረሻ ወደ አክሲዮኑ ይውረዱ። ገበያው በጅምላ ሲወርድ ጥሩውንም አክሲዮን ይዞት ስለሚወርድ፣ ከአክሲዮኑ የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ ይህን የሚያውቀው ከገዛ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ «ገዝተህ ዝም ብለህ ያዝ፤ አማካይ ምናምን ጊዜ ማባከን ነው» ይለኛል። ደንቡ እውነት ይሠራል?

መልስ፦ ወንድምዎ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ደንቡ የጠቀመበትን አንድ ጊዜና ዋጋ ያስከፈለበትን አንድ ጊዜ የ500 ታላላቅ ኩባንያዎችን አክሲዮን ዋጋ በአንድ ቁጥር በሚያሳየው በአሜሪካው ኤስ ኤንድ ፒ 500 መለኪያ ላይ እናሳይዎ።

መለኪያው ኦክቶበር 9 ቀን 2007 በ1,565 ጫፉ ላይ ዘጋ። በኖቬምበር መጨረሻ 1,481 ላይ ነበር፤ የ10 ወሩ አማካይ ደግሞ 1,483። በሁለት ነጥብ ልዩነት ደንቡ «ውጣ» አለ። ከዚያ በኋላ ያለው ወቅት ትዕግሥትን የፈተነ ነበር። ገበያው በማርች 2008 መጨረሻ ከነበረበት 1,323 ተነሥቶ በሜይ መጨረሻ 1,400 ደረሰ፤ «አለቀ፣ ተመለሰ» ያለ ብዙ ነው። አማካዩ ግን ገና 1,432 አካባቢ ስለነበር ደንቡ ከደጅ አላስገባም። ማርች 9 ቀን 2009 መለኪያው 677 ላይ ወደቀ፤ ከጫፉ 57 በመቶ ወርዶ። የወር መዝጊያው አማካዩን መልሶ ያለፈው በጁን 2009 መጨረሻ፣ በ919 ነው። ደንቡን የጠበቀ ሰው በ1,481 ወጥቶ በ919 ተመለሰ። ጫፉ ላይ አልሸጠም፣ ወለሉ ላይም አልገዛም። ይዞ የቆየው ደግሞ ከ677 ወደ 1,565 ለመመለስ 131 በመቶ መውጣት ነበረበት፤ ኩባንያዎቹ ለባለ አክሲዮኖች የሚከፍሉትን የትርፍ ድርሻ ሳንቆጥር ይህ እስከ ማርች 2013 ድረስ ወሰደ።

አሁን ወደ 2020 እንምጣ። ፌብሩዋሪ 19 ቀን ጫፉ 3,386 ነበር። በወሩ መጨረሻ 2,954 ላይ ሲዘጋ አማካዩ 3,017 ስለነበር ደንቡ አስወጣ። ማርች 23 ቀን 2,237 ደረሰ፤ ይህን ያየ «እንኳን ወጣሁ» ማለቱ አይቀርም። ሆኖም በሜይ መጨረሻ መለኪያው 3,044፣ አማካዩ 3,003 ሆኖ ደንቡ «ግባ» አለ። በ2,954 የሸጠውን በ3,044 መልሶ ገዛ ማለት ነው፤ 3 በመቶ ተወደደበት፣ የግብይት ወጪውም ተጨመረበት። ዝም ብሎ የያዘው ጎረቤቱ በዚህ ዙር አሸንፎታል።

ስለዚህ ደንቡን እንደ ኢንሹራንስ ይዩት። በየጊዜው ትንሽ ያስከፍላል፤ በምላሹ ከታላቁ ውድቀት ያድናል። አስቸጋሪው ከሦስትና አራት ክፍያ በኋላ የሚመጣው ስሜት ነው። «ይህ ነገር አይሠራም» ብለው ክፍያውን የሚያቋርጡት አብዛኛውን ጊዜ እሳቱ ሊነሣ ሲል ነው። አንዴ የሚከተሉት፣ አንዴ የሚተዉት ከሆነ የወንድምዎ ምክር ይሻልዎታል።

ጥያቄ፦ ዋጋው ከወጣ በኋላ «አመለጠኝ» እያልኩ ጫፉ ላይ እገዛለሁ። በነጋታው ይወርዳል። የት ነው መግቢያው?

መልስ፦ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለዚህ ነው። የታወቁ ሁለት መግቢያዎች አሉ።

የመጀመሪያው ጣሪያው ሲሰበር ነው። አንድ አክሲዮን ለወራት በ44 እና በ50 መካከል ሲመላለስ ቆይቶ ከ50 በላይ ቢዘጋ፣ በቀጣዩ ቀን ይገዛል። በ1983 አሜሪካዊው ነጋዴ ሪቻርድ ዴኒስ ለሠልጣኞቹ የሰጠው ደንብ የዚህ ዓይነት ነበር፤ ዋጋው ያለፉትን 20 ወይም 55 ቀናት ከፍተኛ ዋጋ ሲያልፍ መግባት። እነሱ የሚሠሩት በፊውቸርስ፣ ማለትም ወደፊት በሚፈጸሙ የግዢና ሽያጭ ውሎች ገበያ ስለነበር ዕለቱን፣ ዋጋው መስመሩን እንዳለፈ ይገቡ ነበር። ለአክሲዮን እኛ መዝጊያውን መጠበቅ እንመርጣለን። እኩለ ቀን ላይ 50.80 ደርሶ 49.60 ላይ የሚዘጋ አክሲዮን ብዙ ነውና። በዚያ ቀን የተገበያየው መጠንም ካለፉት 50 ቀናት አማካይ ቢያንስ በግማሽ ቢበልጥ ይመረጣል። ገዢ ሳይበዛ የተሰበረ ጣሪያ ቶሎ ይመለሳል።

«አመለጠኝ» ለሚለው ልክ ማበጀት ይቻላል። የቀኑን ከፍተኛና ዝቅተኛ ዋጋ ልዩነት ይውሰዱ፤ ትናንት የዘጋበት ዋጋ ከዚያ ክልል ውጭ ከሆነ ልዩነቱን እስከዚያ ድረስ ይለጥጡት። የ14 ቀናቱን አማካይ ያውጡ። ቻርት የሚያሳዩ ፕሮግራሞች ይህን ራሳቸው ያሰላሉ፤ እኛ እዚህ «የቀን ስፋት» እንበለው። ስፋቱ 1.60 ከሆነ ከ50 እስከ 51.60 ድረስ ይግዙ፤ ከዚያ ካለፈ ይተዉት።

ሁለተኛው መግቢያ ያመለጠውን መጠበቅ ነው። ዋጋው ወደ ሰበረው ጣሪያ ወይም ወደ 50 ቀን አማካዩ ተመልሶ ሲቀርብ ወዲያው አይግዙ፤ እየወደቀ ያለውን ለመቅለብ አይሞክሩ። አንድ ቀን ከቀዳሚው ቀን ከፍተኛ ዋጋ በላይ እስኪዘጋ ይጠብቁ። ሳይመለስ የሚሄድ አክሲዮንም አለ። ያልገዙት አክሲዮን ግን ከኪስዎ ምንም አይወስድም።

ጥያቄ፦ 100,000 አለኝ። በአንድ አክሲዮን ላይ ስንት ላውል?

መልስ፦ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስንት እንደሚያተርፍ ነው። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ። ስሌቱ ከገደሉ ይጀምራል።

ግምትዎ ቢሳሳት ስንት ለማጣት ፈቃደኛ ነዎት? 1 በመቶ እንበል፤ 1,000 ማለት ነው። በ50 ሊገዙ ነው፤ የቀን ስፋቱ 1.60 ስለሆነ የኪሳራ ማቆሚያውን፣ ማለትም ዋጋው ሲደርስበት ሸጠው የሚወጡበትን መስመር፣ በስፋቱ 2.5 እጥፍ ዝቅ አድርገው 46 ላይ ያስቀምጣሉ። በአንድ አክሲዮን የሚያጡት 4 ነው። 1,000 ለ4 ሲካፈል 250 አክሲዮን ይሆናል። በ50 ሲባዛ የሚያወጡት ገንዘብ 12,500 ነው። ስፋቱ እጥፍ፣ 3.20 የሆነ አክሲዮን ቢሆን ማቆሚያው 42 ላይ ይወርድና መጠኑ 125 አክሲዮን ብቻ ይሆናል። የሚረብሽ አክሲዮን በትንሹ፣ የተረጋጋው በርከት ብሎ ይገዛል፤ ሁለቱም ቢከስሩ የሚያሳጡት ግን እኩል ነው።

1 በመቶ ትንሽ መስሎ ከታየዎት ይህን ያስተውሉ። አዝማሚያ ተከታይ ከአሥር ግብይት አራቱን ብቻ ቢያሸንፍ የተለመደ ነው። በዚህ ልክ 100 ግብይት የሠራ ሰው፣ በተከታታይ ሰባት ወይም ስምንት ጊዜ የሚከስርበት ወቅት እንደሚገጥመው አስቀድሞ ያስብ። በ1 በመቶ የሚሠራው ከስምንቱ በኋላ 7.7 በመቶ ወርዷል፤ ለመመለስ 8.4 በመቶ ይበቃዋል። በ5 በመቶ የሚሠራው 34 በመቶ ወርዷል፤ ለመመለስ 51 በመቶ ማትረፍ አለበት። ደንቡ አንድ፣ ገበያው አንድ፤ የለየያቸው መጠን ብቻ ነው።

አንድ ወጥመድ ይቀራል። የስድስት ባንኮችን አክሲዮን የገዛ ሰው ስድስት ቦታ የከፋፈለ ይመስለዋል፤ የወለድ ዜና ሲመጣ ስድስቱም በአንድ ጠዋት ይወርዳሉ። የሁሉም ክፍት ግብይቶች ስጋት ተደምሮ ከ6 በመቶ፣ የአንድ ዘርፍ ደግሞ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ማድረግ ጥሩ ልማድ ነው።

ጥያቄ፦ ማቆሚያዬን ነክቶ ያስወጣኝና ወዲያው ሽቅብ ይሄዳል። ሆን ብለው ነው እንዴ?

መልስ፦ እርስዎን የሚያይ የለም፤ ብዙ ሰው ማቆሚያውን እርስዎ ያስቀመጡበት ቦታ ላይ ስላስቀመጠ ነው። እንደ 45 እና 50 ያሉ ድፍን ቁጥሮችና ከቅርቡ ሸለቆ አንድ ሳንቲም ዝቅ ያለው ዋጋ ትዕዛዝ የሚከማችባቸው ናቸው። ማቆሚያው ከመግቢያው በአንድ የቀን ስፋት ብቻ ከራቀ ደግሞ የተለመደው የቀን ንዝረት ራሱ ያስወጣዎታል። ከ2 እስከ 3 ስፋት ያርቁት፤ መጠኑን በዚያው ልክ ይቀንሱ። ብዙዎች የሚያደርጉት ግን ማቆሚያውን አቅርቦ ብዙ አክሲዮን መግዛት ነው፤ ከዚያ «ገበያው ጠላኝ» ይላሉ።

የትዕዛዙንም ዓይነት ይለዩ። ተራው የማቆሚያ ትዕዛዝ ዋጋው 46 ሲነካ በተገኘው ዋጋ ይሸጣል። የዋጋ ገደብ ያለበት ዓይነት ደግሞ ከገደቡ በታች አይሸጥም። ኩባንያው ማታ መጥፎ የሒሳብ ሪፖርት አውጥቶ አክሲዮኑ በማግስቱ በ41 ቢከፈት፣ የመጀመሪያው በ41 ገደማ ያስወጣዎታል፤ በ250 አክሲዮን 2,250 ከሰሩ፣ ካሰቡት ከእጥፍ በላይ። ሁለተኛው ግን ጭራሽ ሳይሸጥ ይዘውት እንዲወርዱ ሊያደርግ ይችላል። ለመውጫ ተራውን እንመርጣለን። ሪፖርት በሚወጣበት ሳምንትም ገና ትርፍ ያላጠራቀመ አክሲዮን ካለዎት ግማሹን መቀነስ ያስኬዳል።

ጥያቄ፦ ያተረፈውን ቶሎ እሸጣለሁ፣ የከሰረውን ግን «ይመለሳል» እያልኩ እይዛለሁ። ይህን ልማድ እንዴት ልተው?

መልስ፦ ምክር ብቻውን አያስተውም፤ ቁጥሩን ማየት ሊረዳ ይችላል። አሥር ግብይት እንውሰድ። ስድስቱ እያንዳንዳቸው 1,000 አሳጡ፤ 6,000 ሄደ። አራቱ 1,500፣ 2,000፣ 3,500 እና 9,000 አስገኙ፤ 16,000። የተጣራው ትርፍ 10,000 ነው። አሁን ያው ሰው አራቱንም 1,500 ሲደርሱ ቢሸጣቸው 6,000 አገኘ፤ ተጣጣ። የደላላው ክፍያ ሲቀነስ ኪሳራ ነው። የዓመቱ ትርፍ የተሠራው ያ 9,000 ያመጣው አንድ አክሲዮን እንዲሄድ በመፈቀዱ ነው። የትኛው እንደሚሆን ደግሞ አስቀድሞ አይታወቅም፤ ስለዚህ ሁሉንም እኩል መታገሥ ግድ ይላል።

መታገሥ ማለት ግን እስኪጠፋ ማየት አይደለም። ማቆሚያውን ከዋጋው በስተኋላ ያስከትሉ፦ ከገዙ በኋላ ከታየው ከፍተኛ መዝጊያ ላይ ሦስት የቀን ስፋት ይቀንሱ። ከፍተኛው መዝጊያ 68፣ ስፋቱ 2 ከሆነ ማቆሚያው 62 ነው። መዝጊያው 71 ሲደርስ ወደ 65 ይወጣል። ይወጣል እንጂ በምንም ምክንያት አይወርድም። በመጨረሻ ሲወጡ ከጫፉ 6 ያህል ትተው ነው የሚወጡት፤ ይህን የማይወድ ሰው አዝማሚያ መከተል አይሆንለትም።

የስልክዎን የዋጋ ማሳወቂያ ያጥፉ። ማቆሚያውን የሚያሰሉት በመዝጊያ ዋጋ ከሆነ እኩለ ቀን ላይ ማየት የሚጨምርልዎ ነገር ቢኖር የመሸጥ ፈተና ነው።

ጥያቄ፦ የወረደውን ጨምሬ ብገዛ አማካይ ዋጋዬ ይቀንሳል አይደል?

መልስ፦ ዋጋው ይቀንሳል፤ ኪሳራው ያድጋል። 250 አክሲዮን በ50 ገዝተው ማቆሚያውን ችላ በማለት በ44 ሌላ 250 ቢጨምሩ አማካዩ 47 ነው። ወደ 38 ሲወርድ 4,500 አጥተዋል፤ ዕቅድዎ 1,000 ነበር።

መጨመር ካማረዎት በሚወጣው ላይ ይጨምሩ። በ50 የገዙት 250 አክሲዮን 56 ሲደርስ 125 ይጨምሩና የሁሉንም ማቆሚያ ወደ 52 ያንሡ። ከዚያ ቢወርድ የመጀመሪያዎቹ 500 ያተርፋሉ፣ የተጨመሩት 500 ያሳጣሉ። ስጋት ሳይጨምሩ መጠንዎን አሳደጉ ማለት ነው፤ ዋጋው ከማቆሚያው በታች ዘልሎ የሚከፈትበት ጠዋት እስካልመጣ ድረስ። ሁለተኛው ጭማሪ ከመጀመሪያው ያነሰ ይሁን። እኩል ወይም የሚበልጥ ከሆነ ትንሽ ንዝረት ሙሉ ትርፉን ይጠርገዋል።

ጥያቄ፦ በቻርቴ ላይ አንድ አክሲዮን በአንድ ቀን ወደ ሩብ ወርዶ አየሁ፤ ዜናው ላይ ግን ምንም የለም።

መልስ፦ አክሲዮኑ ተከፋፍሎ ይሆናል። ኤፕል ኦገስት 31 ቀን 2020 አንዱን አክሲዮን በአራት ሲተካ፣ ዓርብ 499 ገደማ የዘጋው ሰኞ 129 ገደማ ዘጋ። የባለቤቱ ሀብት አልቀነሰም፣ እንዲያውም በዚያ ቀን ጨምሯል። ያልተስተካከለ የዋጋ መዝገብ ግን አማካይዎን ያበላሽና የሐሰት «ሽጥ» ይሰጥዎታል። በቻርቱ ቅንብር ውስጥ የተስተካከለ ዋጋ የሚለውን ይምረጡ። በእጅ የሚመዘግቡ ከሆነ የቀድሞውን ዋጋ ሁሉ ለ4 ያካፍሉ፤ ማቆሚያዎንም እንዲሁ።

ጥያቄ፦ ገበያው ለወራት ወዲያና ወዲህ ብቻ ሆነብኝ። እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?

መልስ፦ አዎ። ያለመነገድን ጥቅም በቁጥር እንየው። ለመግዛትም ለመሸጥም ግማሽ በመቶ የሚከፍሉ፣ በእያንዳንዱ ግብይት የሒሳብዎን 12.5 በመቶ የሚያውሉ ሰው በዓመት 40 ጊዜ ገዝተው ቢሸጡ፣ የሒሳብዎ 5 በመቶ በክፍያ ብቻ ይሄዳል። አዝማሚያ በሌለው ገበያ ጣሪያ ተሰበረ ብለው የሚገቡባቸው አብዛኞቹ ግብይቶች ስለሚመለሱ ከክፍያው ላይ ኪሳራው ይደረባል። መለኪያው በአማካዩ ግራና ቀኝ ሲሻገር በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ካስወጣዎ መጠኑን በግማሽ ይቀንሱ። የዴኒስ ሠልጣኞች ሒሳባቸው በ10 በመቶ በወረደ ቁጥር የግብይታቸውን መጠን በ20 በመቶ ይቀንሱ ነበር፤ እኛም ይህን ቸል ባይሉት እንላለን።

ጥያቄ፦ የምሠራበት ገበያ ቀጭን ነው፤ አንዳንዱ አክሲዮን በቀን ጥቂት መቶ ብቻ ይሸጣል። ይህ ሁሉ ለእኔም ይሆናል?

መልስ፦ የአቅጣጫው ደንብና የመጠኑ ስሌት ይሆናል። የማቆሚያ ትዕዛዙን ግን አይመኑበት። ገዢ ከሌለ በ46 የሚሸጡለት ሰው የለም፤ የቀን የዋጋ ገደብ ባለበት ገበያ ደግሞ አክሲዮኑ ለቀናት በተከታታይ ገደቡን እየነካ ያለ ገዢ ሊወርድ ይችላል። በቀን በአማካይ ከሚገበያየው ከ5 በመቶ በላይ አይግዙ። 600 አክሲዮን የሚሸጥበት ከሆነ 30 ብቻ ይሆናል፤ የላይኛው ስሌት 250 ቢልዎትም። በተፈላጊው ዋጋ ወሰን ያለው ትዕዛዝ ይስጡ፤ በቀናት ከፋፍለው ይግቡ፤ ለመውጣትም ከመግባት የበለጠ ቀን እንደሚፈጅ አስልተው ስጋትዎን ከ1 በመቶ ወደ ግማሽ በመቶ ያውርዱት።